መዝጊያው አማረ፤ በሩስ?

የአንድ ከተማ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንዳለውና ማንን እንደሚፈራ ለማወቅ ባንክ ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈሩ ዞር ዞር ብሎ በሮቹን ማየት ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ነገር ካለፉት ዓመታት ወዲህ ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋን ስም ብቻ ይዛ የኖረችበት ዘመን አልፏል። ዩኒቨርሲቲው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጥተዋል፤ ከእነሱ ጋር ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው መጥቷል፤ ቤት በላይ በላዩ ተሠርቷል። ቤት ከተሠራ ደግሞ በር አለ። አሁን አሁንማ ነገሩ ሳይገለበጥ አልቀረም፤ በሩ አስቀድሞ ይታሰባል፣ ቤቱ በሩን ተከትሎ ይሠራል። ግድግዳው ገና ሳይለሰን፣ ወለሉ ገና አፈር ሳለ፣ ባለ ወርቅማ እጀታ በር ከነላስቲኩ ተገትሮ ያላየ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለንም።

«የኑሮ ውድነቱ፣ ጦርነቱ፣ ሥራ አጥነቱ እያለ ስለ በር ይጻፋል እንዴ?» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። እኛ ግን እንጽፋለን። የኑሮ ውድነቱም፣ ስጋቱም፣ የወጣቱ ኑሮም ዞሮ ዞሮ በር ላይ ሲያርፍ ስላየን ነው።

ፋሽኑ እንዴት መጣ?

ታሪኩን ባጭሩ እንየው። በወላጆቻችን ዘመን የቤቱ በር በአብዛኛው ጣውላ ነበር። ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ ተሰንጥቆ፣ ከኋላው በአግዳሚ ተመትቶ፣ በማጠፊያ ይንጠለጠላል። ከማጠፊያ በፊት የነበረውን ማየት የፈለገ ደግሞ ወደ አንኮበርና ወደ መንዝ ገጠር ወጣ ይበል፤ በድንጋይ ካብ ቤቶች ላይ ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ፣ ከላይና ከታች በወጣለት ምሰሶ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚዞር፣ ከውስጥ በእንጨት መወርወሪያ የሚዘጋ በር ያገኛል። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ጎንበስ ማለቱ ለሰላምታም፣ ነፋስ ለመከላከልም ይጠቅማል።

ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ቀጥሎ ላሜራ መጣ። የብየዳ ቤቶች የተስፋፉት በዚህን ጊዜ ነው። ላሜራው ላይ ፌሮ ተጠማዝዞ አበባ ይሆናል፣ ልብ ይሆናል፣ ወፍ ይሆናል፤ ኪሱ ደህና የሆነ አንበሳ ያስደርጋል። በሩ ሁለት ተካፋች ከሆነ ታዲያ መኪና ሊገባ ሲከፈት የአንበሳው ፊት ወደ ግራ፣ ጅራቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለቤቱ መግቢያ ደግሞ ኤልቲዜድ የምንለው ብረት ከመስታወት ጋር ነገሠ። ከዚያ አሉሚኒየም መጣ። ከዚያ «የቻይና በር» መጣ፤ ከላዩ የእንጨት መልክ የታተመበት ስስ ብረት ነው፣ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የማር እንጀራ የሚመስል ወረቀት ነው። ከእሱ በላይ «የቱርክ በር» አለ፤ መሐሉ ብረት፣ ልብሱ የተጨመቀ እንጨት፣ ቁልፉ አንዴ ሲዞር በብዙ ቦታ የሚነክስ። የቅርብ ጊዜው ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ላሜራውን እንደ ዳንቴል እየበሳ የሚያወጣው የግቢ በር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋሽኑ ግን ይህን መንገድ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በጣት አሻራ የሚከፈተውም መጥቷል፤ እዚያ የደረሰ ሰው መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲደክም ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያስብበት።

ፋሽን መከተል ነውር ነው አንልም። በር ድሮም ጌጥ ነበር። የጎንደር ፋሲል ግቢ 12 በሮች እያንዳንዳቸው ስምና ሥራ ነበራቸው። የሐረር ጀጎልም ከታሪካዊ በሮቹ ተነጥሎ አይታሰብም። ሰው ገንዘቡን በበሩ ላይ ቢያሳይ የመጀመሪያው አይደለም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው።

በርና መዝጊያ ይለያያሉ

ቋንቋችን እዚህ ላይ ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር ቢያንስ ሦስት ቃል አለው። «በር» ክፍተቱ ነው፤ የሚገባበትና የሚወጣበት። «መዝጊያ» ክፍተቱ ላይ የሚገጠመው ሳንቃ ወይም ብረት ነው። «ደጅ» ደግሞ ከበሩ ፊት ያለው ቦታ ነው። ዛሬ ሦስቱንም «በር» ብለን ጠቅልለናቸዋል።

በር ማለት መተላለፊያ ለመሆኑ ሰሜን ሸዋ ራሷ ምስክር ናት። አንኮበር የሚለው ስም ውስጥ በር አለ። በትውፊት እንደሚነገረው አንኮ የተባለች እመቤት በር፣ ማለትም ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣበት መተላለፊያ ነው። ጣርማበርም እንዲሁ ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዋሻ የቆፈረው ቀድሞውንም በር በነበረ ተራራ ላይ ነው። ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚመጣው ነጋዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስም ጭምር፣ ቆላውን አቋርጦ በአልዩ አምባ ወጥቶ በአንኮበር በኩል ነው ደጋውን የረገጠው። ያንን በር ሳንቃ አልዘጋውም። ጨው ገባበት፣ ጨርቅ ገባበት፣ ወሬ ገባበት።

ደጅም የራሱ ታሪክ አለው። «ደጃዝማች» የሚለው ማዕረግ ከደጅ የወጣ ነው። ከሣህለ ሥላሴ እስከ ምኒልክ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ደጅ ያልጠና ባለጉዳይ ማን ነበር? ደጅ ጥናት ስንል ዛሬ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ትዝ ይለናል፤ መነሻው ግን ሰው በጌታው ደጅ ቆሞ እንዲታይ፣ ጉዳዩ እንዲሰማ የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያንም «ደጀ ሰላም» አላት።

ከቤት ወደ ቤት የሚሠራውን ሥርዓት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዳ ይመጣል፣ ራቅ ብሎ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ደጆች!» ይባላል። ይኼኔ በሩ ሳይነካ ሁለቱ ተገናኝተዋል። ድምፁን የሰማ ባለቤት ማን እንደመጣ፣ በምን ሁኔታ እንደመጣ ያውቃል፤ ሐዘን ያለበት ድምፅና ለወግ የመጣ ድምፅ አይመሳሰሉም። ዛሬ በላሜራው ፊት ቆሞ «ቤቶች!» የሚል ሰው ድምፁ ወደ ራሱ ነው የሚመለሰው። መጥሪያውን ይጫናል፤ መብራት የለም። መሬት ጎንበስ ብሎ ጠጠር ያነሳና ላሜራውን ይቀጠቅጣል። ከውስጥ የሚመልስለት ውሻ ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ቤት ለእንግዳ» የሚባልበት አገር የበር ላይ ጽሑፍ ይህ ሆነ።

የባለቤቶቹን አቤቱታ እንስማ

ፍርድ እንዳናጓድል የሌላውንም ወገን እንስማ። ሰው በሩን ያጠነከረው ስለ ፈራ ነው፤ የፈራው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ያለፉት ዓመታት ለሰሜን ሸዋ ቀላል አልነበሩም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲደርስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ሰው ስለ በር ጥንካሬ አስተያየት ቢኖረው አይፈረድበትም። ከዚያም ወዲህ ግጭቱ መልኩን ቀየረ እንጂ ስጋቱ ከሰው ልብ አልወጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ አባወራ ያለችውን አጠራቅሞ ብረት ላይ ቢያውላት ልናላግጥበት አንደፍርም።

«ወደ ድሮው የእንጨት በር እንመለስ» የሚለውንም ዜማ አናዜምም። ያ በር ከየት ነበር የሚመጣው? ከጥዱና ከወይራው ነዋ። አንኮበርንና ጣርማበርን የሚያዋስነው የወፍ ዋሻ ደን ዛሬ የቀረን ውድ ሀብት ነው። የከተማው ሰው ሁሉ የጥድ በር ይሁንልኝ ቢል ያ ደን አንድ ትውልድ አይቆይም። ላሜራው በዚህ በኩል ባለውለታችን ነው።

እንግዲህ ብረቱም ይኑር፣ ፋሽኑም ይኑር። ክርክራችን በሩ ሲሠራ ምን እየተረሳ ነው የሚለው ነው። ሦስት ነገር አግኝተናል።

አንደኛ፣ ብርዱና ከሰሉ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት አንስቶ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ብረት ደግሞ ሙቀትን ከእንጨት ከመቶ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። አንድ ስስ ላሜራ ብቻውን የተገጠመበት ቤት ሌሊት በሩን በእጅ መንካት በቂ ነው፤ የበረዶ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ከውስጥ በኩል ያልበዋል፣ ንጋት ላይ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። አዲስ አበባ ላይ የማይሰማው ይህ ጉድለት እዚህ ይሰማል። ፋሽኑን ከአዲስ አበባ ስንወስድ አየሩን አብረን አልወሰድንም።

መፍትሔው ምን ሆነ? ከሰል። ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከውበት ወጥቶ የሕይወት የሚሆነው። የድሮው በር በየስንጥቁ አየር ያሳልፍ ነበር፤ እናቶቻችን በጨርቅ ሲወትፉት ኖረዋል፣ ያም ሆኖ ይተነፍሳል። አዲሱ የቱርክ ወይም የአሉሚኒየም በር ግን ዙሪያውን የጎማ ጥብጣብ አለው፤ አየር አያስገባም፣ አያስወጣም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው ሞቀኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። በአገራችን የብርድ ወራት በመጡ ቁጥር እንዲህ ያለ መርዶ እንሰማለን፤ «ጭስ ገደላቸው» ተብሎ ይቀበራል፣ ለቅሶው ያልቃል፣ በሩና ማንደጃው ግን እዚያው አሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከበሩ እጀታ ያነሰ ነው። በሩ ሲታዘዝ ከጉበኑ በላይ የአየር ማስገቢያ ይተው፣ ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ላሜራውን አንድ ረድፍ ብቻ ከማድረግ ከውስጥ በኩል ጣውላ ወይም ችፑድ ይለበጥ፤ ብርዱ ይቀንሳል፣ ከሰሉም አብሮ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደር። ይህን የሚነግር በር ሻጭ ግን እስካሁን አልገጠመንም፤ የሚነግሩን ቁልፉ ስንት ቦታ እንደሚነክስ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ የማን ነው?

ደብረ ብርሃን የተከራይ ከተማ እየሆነች ነው። ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ አዲሱ መምህር፣ ነርሷ በየግቢው ሰርቪስ ተከራይተው ይኖራሉ። የግቢው በር ግን አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ ነው፤ ቁልፉ ያለው አከራይ ዘንድ ነው። ሕጉም ይታወቃል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም።

ወጣት ሴቶች ይህን ሕግ ከሌላው በላይ እናውቀዋለን። የማታ ፈረቃ ያላት ልጅ ከሥራ ስትወጣ አውቶቡሱ ዘገየ እንበል። በሩ ላይ ደርሳ ጠጠር ይዛ ታንኳኳለች። ውሻው ይጮኻል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ አከራይ ከእንቅልፏ ተነስታ እያጉረመረመች ትከፍታለች፤ ወይም አትከፍትም። በነጋታው «ልጅቱ ሌሊት ነው የምትገባው» የሚል ወሬ ከበሩ ቀድሞ ይከፈታል። ኪራይ የምትከፍልበት ቤት ደጅ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በብርድ የቆመች ሴት ዘንድ ያ ያማረ በር ከማን ነው የሚጠብቃት? ሌባው ያለው እሷ ያለችበት በኩል ነው።

አከራዮችን ጭራቅ ማድረግ አንፈልግም። የብዙዎቹ ስጋት እውነት ነው፤ ቁልፍ ተባዝቶ የጠፋበት፣ ግቢው የተዘረፈበት ሰው አለ። ነገር ግን አዲሱ ፋሽን ራሱ መፍትሔ ይዞ መጥቷል። አንድ ሰው ሲለቅ ቁልፉን መቀየር የሚቻልባቸው መክፈቻዎች ገበያ ላይ አሉ። ለቱርክ በር የተከፈለውን ገንዘብ ያወጣ ሰው ለአራት ተከራይ አራት ቁልፍ ማስቀረጽ አያቅተውም። ቁልፍ መስጠት ገንዘብ ሳይሆን እምነት ስለሚጠይቅ ነው የከበደው።

ሦስተኛ፣ ማን ይሻገረው?

የግቢ በሮቻችንን አንድ ነገር ልብ በሉልን። ትልቁ በር ለመኪና ነው፤ በትልቁ በር ሆድ ውስጥ ለሰው ትንሽ በር ተቆርጣለች። መኪና የሌለው ግቢ እንኳ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ምናልባት አንድ ቀን ይመጣል ተብሎ። ለመኪናው የታሰበው ቦታ ሰፊ፣ ለሰው የታሰበው ጠባብ ነው። ትንሿ በር ከታች የብረት ደፍ አላት፤ እግርን ከፍ አድርጎ መሻገርን ትጠይቃለች፤ ከላይ ደግሞ ጎንበስ ማለትን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማድረግ ለወጣት ቀላል ነው። በምርኩዝ የሚሄዱ አያት ግን በዚያ ደፍ ተጠልፈው ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር፣ ለወራት አልጋ ላይ ነው የሚቀሩት። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው፣ ትልቁ በር ካልተከፈተለት በቀር ያ ቤት በር የለውም ማለት ነው፤ መዝጊያ ብቻ ነው ያለው።

የእሳቱ ነገርም አለ። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ በሩ ከውስጥም ካለ ቁልፍ የማይከፈት ቤት ሌባ እንዳያስገባ ሆኖ ተሠርቷል፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ ልጆችን እንዳያስወጣ ሆኖ ተሠርቷል። ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ የሚከፈት መወርወሪያ የድሮው የሳንቃ በር ነበረው። ይህን ያህል ዘመን ተሻግረን እሱን ማጣታችን ያሳዝናል።

ለበያጁም ቃል አለን

አንድ ነገር እንጨምር። ከውጭ የሚመጣው በር የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሲበላሽ መለዋወጫው አይገኝም፣ ማጠፊያው ሲወልቅ በሩ ይዘማል። በሌላ በኩል ከቴክኒክና ሙያ የተመረቁ፣ ላሜራ እንደ ወረቀት የሚያጥፉ ወጣቶች በየመንደሩ ብየዳ ቤት አሉ። ሲሠሩ የምናየው ግን ከስልክ ላይ የወረደ ፎቶ ነው። ደንበኛው ስልኩን ያሳያል፣ «እንዲህ አድርግልኝ» ይላል። ያ ፎቶ የመጣው ውርጭ ከሌለበት አገር ሊሆን ይችላል። የእኛ በያጅ የእኛን ብርድ ያውቃል፤ የእኛን አያቶች ያውቃል፤ ቢጠየቅ መልስ አለው። የሚጠይቀው አጣ እንጂ። የአንኮበርን የካብ ቤት በር ዝቅታና ውፍረት፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መከፈቱን አይቶ በብረትና በባሕር ዛፍ ጣውላ የሚያዘምን አንድ ወጣት ቢነሳ እኛ የመጀመሪያዎቹ አሞጋሾች እንሆናለን።

በር በምንመርጥባት በዚች ከተማ በር የሌላቸውም አሉ። ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው በእነዚህ ዓመታት ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችን ከብርዱ ጋር የሚለያቸው ብዙ ጊዜ ሸራ ነበር። ሸራ መወርወሪያ የለውም። እነዚያ ሰዎች ትተውት የመጡት ቤት በር ነበረው፤ ጠንካራም ነበር ይሆናል። አላዳናቸውም። በር ብቻውን ማንንም እንደማያድን ከእነሱ በላይ የሚነግረን የለም። የሚያድነው የሚሰማ ጎረቤት ነው፤ ጩኸት ሲሰማ በሩን ከፍቶ የሚወጣ።

ስለዚህ በር ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አየር ማስገቢያው የት ነው? ደፉ አያቴን ያሻግራል? ሌሊት እሳት ቢነሳ ልጄ ያለ ቁልፍ ይከፍተዋል? ተከራዬ በምን ይገባል? ደግሞም ከበሩ ውጪ አንድ መደብ ሠርታችሁ ተዉ። ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው ደጅ ላይ ነው። ደጅ ሰው ከተቀመጠበት ሌባ ራሱ ቆም ብሎ ያስባል፤ የቡሄ ልጆችም በነሐሴ ሲመጡ የሚጨፍሩበት ቦታ ያገኛሉ።

መዝጊያችሁን ያሳምርላችሁ፤ በራችሁን ግን አትርሱት። ቤት ለእንግዳ!